ባቄላ ራሱን ከሻጋታ የሚከላከልበት ንጥረ ነገር

እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ የባቄላ ፍሬ ሻጋታ ሳይጨርሰው እንዴት ሊበቅል እንደሚችል አስበው ያውቃሉ? ያንኑ ባቄላ ጥሬውን ስንበላው ደግሞ ሆዳችን የሚታወከው ለምን ይሆን? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ በከፊል አንድ ነው።

ንጥረ ነገሩ ምንድን ነው?

ባቄላ፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር የኢንዛይም አጋጅ (ፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተር) የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1945 ሞሰስ ኩኒትዝ የተባለ ተመራማሪ ከአኩሪ አተር አጣርቶ አውጥቷል።

ሻጋታ አፍ የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ወደ ውጭ ረጭቶ፣ የሟሟውን በመምጠጥ ነው። አጋጁ ፕሮቲን ኢንዛይሙ ላይ ይጣበቅና ሥራውን ያስቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ከባቄላ ያወጡት እንዲህ ያለ ፕሮቲን በላቦራቶሪ ውስጥ ዕፅዋትን የሚያጠቁ ፈንገሶችን እድገት መግታቱን አሳይተዋል።

ታዲያ ጥሬ ባቄላ ለፈንገስ መድኃኒት ነው?

አይደለም። በላቦራቶሪ የተሞከረው ተጣርቶ የወጣ ፕሮቲን እንጂ የባቄላ ዱቄት አይደለም፤ የተሞከረውም በሰው ቆዳ ላይ አይደለም። ጭርት ወይም ቋቁቻ ያለበት ሰው ጥሬ ባቄላ ፈጭቶ ከመቀባት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ ይሻለዋል።

ጥሬውን መብላትም ጉዳት አለው። ከቆሽታችን የሚመነጨው ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ከሻጋታው ኢንዛይም ጋር የሥራ ዘመድ ስለሆነ አጋጁ እሱንም ይይዘዋል። በዚህም ምክንያት ከምግቡ ፕሮቲን ከፊሉ ሳይፈጭ ያልፋል። ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች እድገታቸው ቀንሶ ቆሽታቸው ማበጡ ታይቷል።

ምን እናድርግ?

• ደረቅ ጥራጥሬ ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፈን ውኃውን እንድፋ፤ በአዲስ ውኃ እስኪለሰልስ እንቀቅለው። እርጥብ ሙቀት አብዛኛውን አጋጅ ያጠፋዋል። ንፍሮውም ሆነ ፉሉ በደንብ ሲበስል ፕሮቲኑ ለሰውነት ይደርሳል።

• ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የተባለ ሌላ ጎጂ ፕሮቲንም ስላለው በደንብ ካልበሰለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ስለዚህ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። ለብ ባለ እሳት ለረጅም ሰዓት ማቆየት ብቻውን አይበቃም።

• አጋጁ ፍሬውን ከሁሉም ሻጋታ አያድነውም። ጥራጥሬን በደንብ አድርቀን፣ ርጥበት በሌለበት ቦታ እናስቀምጥ። የሻገተውን ደግሞ «ሲበስል ይጠፋል» ብለን አንብላ። አፍላቶክሲንን የመሰሉ የሻጋታ መርዞች በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይጠፉም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ጉበትን ይጎዳሉ።

እንግዲህ እሳት የሚያሸንፈው ባቄላው ራሱን የሚጠብቅበትን ንጥረ ነገር እንጂ ሻጋታ የተወውን መርዝ አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ እንልቀም፣ ቀጥሎ እንዘፍዝፍ፣ በመጨረሻም በደንብ እናብስል።