በሽተኛው ሲናገር፦ የተበተነ ሐሳብን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ1908 እ.ኤ.አ. ለስኪዞፍሬኒያ ስም ሲያወጡለት፣ ዋናው ምልክት የሐሳብ ትስስር መላላት ነው ብለው ነበር። ሐሳብ ግን በዓይን አይታይም፤ የሚያዘው በንግግር ነው። ለአእምሮ ጤና ባለሙያ እንግዲህ የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው።

1. ያስፈቅዱ። ጸጥ ያለ ክፍል ይምረጡ፤ ለምን እንደሚጠይቁ ይንገሩ። ታካሚው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይናገር።

2. ሳያቋርጡ ያዳምጡ። «ስለ ልጅነትዎ ያጫውቱኝ» ብለው አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት። አሜሪካዊቷ ሐኪም ናንሲ አንድሪያሰን በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የ18 ዓይነት የንግግር መዛባቶች መለኪያም መሠረቱ ቃለ መጠይቅ ነው።

3. እንደወረደ ይጻፉ። አንዲት ታካሚ «ቁርስ በሉ?» ሲባሉ እንዲህ መለሱ እንበል፦ «ዳቦ ከስንዴ ነው፣ ስንዴ ከባሌ ይመጣል፣ ባሌ ወታደር ነበር፣ ወታደር ሰዓት ያከብራል።» ባሌ አገሩ ሳይታወቅ ባል ሆነ፤ ሐሳቡን የጎተተው የቃሉ ድምፅ ነው። «ስለ ባለቤታቸው አወሩ» ብለው አሳምረው ከጻፉት ምልክቱ ጠፋ።

4. ተመሳሳይነት ይጠይቁ። «ብርቱካንና ሙዝ በምን ይመሳሰላሉ?» «ፍራፍሬ ናቸው» ረቂቅ መልስ ነው፤ «ይላጣሉ» ተጨባጭ ነው፤ «ሁለቱም ይሰልሉኛል» ግን ከጥያቄው የወጣ ነው።

5. ምሳሌያዊ አነጋገር ያስፈቱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ምን ማለት ነው? የታወቀው ተረት በቃል የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ብዙ የማይነገርም ይጨምሩ። ፊደል ያልቆጠረ ጤነኛ ሰው ቃሉን እንዳለ ሊፈታው ይችላል፤ ስለዚህ ከተጨባጩ መልስ ይልቅ እንግዳውን፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰውን ይመልከቱ።

6. ለመደምደም አይቸኩሉ። ማኒያ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ አእምሮን ያወከ ትኩሳትም ንግግር ይበትናሉ። ቤተሰብን «ድሮም አነጋገራቸው እንዲህ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ሰምና ወርቅ የሚወድ ሰው በሽተኛ አይደለም፤ የተናገረውን ፍታ ቢሉት ይፈታዋል። ፈተናው ብቻውን የበሽታውን ስም አይሰጥም።

7. ይድገሙት። ከሳምንታት ሕክምና በኋላ ያንኑ ይጠይቁ። «ቁርስ በሉ?» «አዎ፣ ዳቦ በሻይ።» ይህች አጭር መልስ ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ የምትናገረው፣ የፊተኛው ቃል ሳይነካ ከተቀመጠ ነው።