የኮርቬት አውቶሞቢል የፈረስ ጉልበት እንዴት ይነበባል?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች አንድ የታሪክ ሰነድ በቀረበልን ጊዜ «ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ምንስ ሊጠቀምበት?» ብለን መጠየቅን ተምረናል። ሰነዱ በቁጥር የተሞላ ሲሆን ግን ብዙዎቻችን ጥያቄያችንን ትተን አሜን ብለን እንቀበላለን። ስለዚህ ሸቭሮሌት የሚሠራውን ኮርቬት የተባለውን የአሜሪካ የስፖርት አውቶሞቢል ወስደን፣ የመግለጫውን ቁጥር እንደ ሰነድ ልንመረምር አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርቬት ለሕዝብ የታየው በጥር 1953 በኒውዮርክ፣ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ነው። በዚያው ዓመት በፍሊንት ከተማ 300 ብቻ ተሠሩ። ሁሉም በውጭ ነጭ፣ በውስጥ ቀይ ነበሩ፤ አካላቸውም ከቆርቆሮ ሳይሆን ከፋይበርግላስ የተሠራ ነበር። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር፣ ጉልበቱ 150 ፈረስ ሲሆን፣ ካምቢዮው ግን ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነበረ። ስፖርት ለተባለ መኪና ሁለት ማርሽ! ገዢውም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ በ1954 ከተሠሩት 3,640 ብዙዎቹ ሳይሸጡ ቆዩ። በ1955 ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ገባ፤ በ1957 ደግሞ ቤንዚን ያለ ካርቡራቶር በግፊት የሚረጭበት መሣሪያ ተጨመረና ሞተሩ 283 ፈረስ አለው ተባለ። የሞተሩ ይዘት 283 ኪዩቢክ ኢንች ስለነበረ፣ ለአንድ ኢንች አንድ ፈረስ ማለት ነው። ለማስታወቂያ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ከወዴት ይገኛል?

አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት በግምት 76 ኪሎ ሸክም በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሞተሩ ሲለካ ምን ለብሶ ነው የሚለው ነው። በአሜሪካ እስከ 1971 ድረስ በተለመደው አለካክ፣ ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ በመለኪያ መድረክ ላይ ይታሰራል፤ ቬንትሌተሩ፣ የአየር ማጣሪያውና ማርሚታው ይነሡለታል። እነዚህ ሁሉ ግን መንገድ ላይ ጉልበት የሚበሉ ናቸው። ሰው ልብሱንና ጫማውን አውልቆ ተመዝኖ «ክብደቴ ከነሻንጣዬ ይህ ነው» እንደ ማለት ነው።

በ1972 ጄኔራል ሞተርስ ሞተሩን ከነትጥቁ ለክቶ መጻፍ ጀመረ። ኤልቲ 1 የተባለው የኮርቬት ሞተር በ1971 መግለጫ 330 ፈረስ ነበረ፤ በ1972 መግለጫ 255 ሆነ። የተሰወሩት 75 ፈረሶች አብዛኞቹ ቀድሞም ከወረቀት ውጭ አልነበሩም። የሞተሩ የመጭመቅ ልክ በሁለቱም ዓመት 9 ለ 1 ነውና። እውነተኛው ድካም የመጣው ከዚያ በፊት፣ ይህ ልክ ከ1970ው 11 ለ 1 ሲቀነስ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ካታሎጎች ጎን ለጎን ይዞ «በአንድ ዓመት ውስጥ መኪናው ሞተ» የሚል ተከራካሪ፣ የለካውን ሚዛን እንጂ የተለካውን ሞተር አላነበበም። የ1964ቱን ፖርሽ 911 130 ፈረስ ከዚያ ዘመን ኮርቬት 300 ፈረስ ጋር በቀጥታ የሚያወዳድርም እንዲሁ ነው፤ ጀርመኖቹ የሚለኩት ከነትጥቁ ነበርና።

ነገሩ ሁልጊዜ በማጋነን ብቻ አልነበረም። በ1967 ኤል 88 የሚባል የ7 ሊትር ሞተር በመግለጫው 430 ፈረስ ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ካታሎግ ለመንገድ የታሰበው ወንድሙ 435 ተብሏል። የእሽቅድምድሙ ሞተር ያነሰ መምሰሉ አያስገርምም? በእውነቱ ኤል 88 ከ500 በላይ ነበረው፤ ቁጥሩ ዝቅ የተደረገው ተራው ገዢ ወደ 435ቱ እንዲሄድ ነው። ራዲዮና ማሞቂያም አይገጠምለትም ነበር። በዚያ ዓመት 20 ብቻ ተሠሩ።

ከመግለጫው ውስጥ እኛ ይልቅ የምናምነው፣ በመለኪያ መድረክ ዘዴ የማይለዋወጠውን ክፍል ነው፦ በ1963 የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲነጥሩ መደረጉን፣ በ1965ም በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን መግባቱን። እስከዚያ ድረስ፣ በ1964 እንኳ፣ ያ ሁሉ ፈረስ የሚቆመው በታምቡር ፍሬን ነበር።