«አልቻሉም» የሚለው ቃል በዕብራይስጥ

በኮሶዬ ገደል አፋፍ የቆመ ሰው ጉም በወረደበት ማለዳ ቆላውን ለማየት አይችልም፤ ዓይኑ ግን ደኅና ነው። ዕውርም በጠራ ቀን በዚያው ቢቆም አያይም። ስለ ሁለቱም «ማየት አልቻለም» እንላለን፤ ምክንያቱ ግን ልዩ ልዩ ነው። የዕብራይስጥ ቋንቋም እንዲሁ ስለሆነ፥ ይህን ሳያስተውል ኦሪትን የሚተረጉም መምህር በደለኛውን ንጹሕ ሊያደርገው ይችላል።

በዕብራይስጥ «ቻለ» ለማለት «ያኾል»፥ «ቻሉ» ለማለት «ያኽሉ» ይባላል፤ አሉታው «ሎ» ነው። በትንቢተ ዳንኤል በአራማይስጥ የተጻፈው ክፍል ደግሞ «ካሄል» ይላል፤ ይህም የግእዛችን የ«ክህለ» ዘመድ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ቁጥር 4 የዮሴፍ ወንድሞች በሰላም ያነጋግሩት ዘንድ «ሎ ያኽሉ» ተብሏል። በምዕራፍ 45 ቁጥር 3 በግብፅ ራሱን በገለጠላቸው ጊዜ ይመልሱለት ዘንድ ያው «ሎ ያኽሉ» ተጽፏል። ሰዎቹም ቃሉም አንድ ናቸው። በኋለኛው ድንጋጤ አንደበታቸውን ያዘው። በፊተኛው ግን አንደበታቸው ምን ሆነ? አንድ ደቀ መዝሙር «ካልቻሉ ኃጢአታቸው ምኑ ላይ ነው?» ሲል ጠይቆኛል። የከለከላቸው በፈቃዳቸው ያሳደጉት ቅንዓት ነው፤ ቋንቋው የልብን እምቢታ በዐቅም ማጣት ስም ጠራው። እኛስ ስለ ጠላነው ሰው «ፊቱን ማየት አልችልም» እንል የለምን?

አንድ ጊዜ ሆኖ ላለፈው ነገር «ያኾል» ሲነገር፥ ባለፈው ዘመን ጸንቶ ለነበረው «ዩኻል» ሊነገር ይችላል። በምዕራፍ 48 ቁጥር 10 የያዕቆብ ዓይን በእርጅና መፍዘዙ በዚህ ተነግሯል። በምዕራፍ 43 ቁጥር 32 ግብፃውያን ከዕብራውያን ጋር መብላት አለመቻላቸውም የተነገረው በዚሁ አካሄድ ነው፤ አፍና ጉሮሮ ጎድሏቸው ሳይሆን ልማዳቸው ከልክሏቸው ነው። አማርኛ እዚህ ላይ «ነበር»ን ይጨምራል፤ የዛሬው የእስራኤል ዕብራይስጥም «ሃያ»ን ጨምሮ «ሃያ ያኾል»፥ «ይችል ነበር» ይላል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከጎንደር አካባቢ ወደዚያ የሄዱት ቤተ እስራኤል በዚህ በኩል የአማርኛቸውን አካሄድ አግኝተዋል።

ሊሆን ሲቻል ላልሆነው ግን ጥንታዊው ዕብራይስጥ የችሎታን ቃል ሳይጠራ ይናገራል። በምዕራፍ 43 ቁጥር 10 ይሁዳ ባይዘገዩ ኖሮ እስካሁን ሁለት ጊዜ በተመለሱ እንደ ነበር ለአባቱ ሲነግረው፥ «ሉሌ» ብሎ ጀምሮ ኃላፊውን ግሥ ብቻ ያስከትላል፤ ግእዝ ለዚህ ከኃላፊው ግሥ በፊት «እም»ን ያገባል። እነርሱ በቤታቸው ሲዘገዩ ስምዖን በግብፅ ታስሮ ይጠብቃቸው ነበር።