ጌታ በቀረበ ጊዜ ደስ ይበልህ

ወዳጄ ሆይ፥ በአገራችን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ፥ ነቢያት የጌታን መምጣት በናፍቆት እንደ ጠበቁ እየታሰበ ይጾማል። ነገር ግን ቀኑን እየቈጠርህ ልብህ ደስታ ቢያጣ ራስህን መርምር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ደስታ የጻፈው በእስራት ሳለ ነው። ደስ ያሰኘውም የጌታ መቅረብ እንጂ የኑሮ ምቾት አልነበረም። በዚያው በምዕራፍ 4 ገርነታቸው በሰው ሁሉ ዘንድ እንዲታወቅ አዘዛቸው።

እኔም አንድ ዓመት ከወንድሜ ጋር ተቀያይሜ ስጾም ሰነበትሁ፤ ጸሎቴም ደረቀብኝ። በልደት ዋዜማ ሄጄ ይቅርታ በለመንሁት ጊዜ ግን፥ እንደ ሩቅ አድርጌ የፈለግሁት ጌታ በአጠገቤ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

አንተም የተጣላኸው ባልንጀራ፥ ወይም ደመወዙን ያስቀረህበት ሠራተኛ ቢኖር፥ በዓሉን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ወደ እርሱ ሂድ።