ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሕፃናት ሳንባ እንዳይኮማተር

ልጃቸው ለቀዶ ሕክምና የገባባቸው ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት ስለቱን ነው። ዳሩ ግን ሐኪሙ ከስለቱ ባላነሰ የሚጠነቀቅለት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ የሳንባው ከፊል አየር አጥቶ እንዳይኮማተር ነው።

ሳንባ እጅግ ደቃቅ በሆኑ የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። ሰው ትንፋሹን ባስወጣ ጊዜ እንኳ ከረጢቶቹ ጥቂት አየር ይዘው ይቀራሉ እንጂ ፈጽመው አይከደኑም። ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ግን ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም ወደ ላይ ይገፋል፤ በሳንባ የሚቀረውም አየር ያንሳል። የሕፃን የጎድን አጥንት ገና ለስላሳ፣ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ስለሆነ ነገሩ በእርሱ ይብሳል። ጥቂት አክታ ቧንቧውን ቢደፍነው ከበስተኋላ ያለው አየር ወደ ደም ተመጥጦ ያልቅና ያ የሳንባ ክፍል እንደ ተነፈሰ ፊኛ ይጨማደዳል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሆኖ በራሱ ይቃናል፤ ሲበዛ ግን የደሙ ኦክስጅን ያንሳል፤ ለሳንባ ምችም መንገድ ይከፍታል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ቤንዲክሰንና ባልደረቦቹ በማደንዘዣ ጊዜ የደም ኦክስጅን የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ፤ በ1985 የስዊድን ሐኪሞች መኮማተሩን በሲቲ ስካን አሳዩት። የሚያስገርመው ንጹሕ ኦክስጅን ብቻውን መስጠት መኮማተሩን የሚያፋጥን መሆኑ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ሲሆን፣ ይህ ጋዝ ወደ ደም ቶሎ ስለማይገባ ከረጢቶቹን ደግፎ ያቆያል። ስለዚህ ባለሙያው ኦክስጅኑን በልክ ያደርጋል፤ በትንፋሽ መጨረሻም በሳንባው ጥቂት ግፊት እንዲቀር መሣሪያውን ያስተካክላል።

የወላጅ ድርሻ የሚጀምረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ከሩቅ የመጣ አንድ አባት ቀጠሮው እንዳይሰረዝበት ብሎ የልጁን ሳል ሸሽጎን ነበር፤ ልጁ ከቡአው ቀዶ በኋላ ሁለት ቀን በኦክስጅን ቆየ። የመንገዱን ወጪ ስለማውቅ አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ጉንፋን የያዘው ልጅ የማይቸኩል ቀዶ ሕክምናው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቢዘገይለት ይሻላል፤ ሳሉንም ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው። የሲጋራና የማገዶ ጢስም ከልጁ ይራቅ።

ከቀዶው በኋላ በብዙ ቤት «ቁስሉ እንዳይፈታ» ተብሎ ልጁ በጀርባው ተንጋሎ እንዳይነቃነቅ ይደረጋል። ይህ ለሳንባው አይበጅም። ሐኪሙ እንደ ፈቀደ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ይራመድ፤ ጨቅላውም ቀጥ ብሎ ይታቀፍ። ሕመም ያለበት ልጅ ትንፋሹን ስለሚያሳጥር የታዘዘው የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጠው። በተማርኩበት አገር ነርሶች ሕፃናትን የሳሙና አረፋ ሲያስነፉ አይቼ ተራ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በረጅሙ ማስተንፈሻ ዘዴ ኖሯል። ለጠያቂ ቡና ሲፈላም ዕጣኑ በሌላ ክፍል ይጪስ።

ልጁ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ ሲተነፍስ የጎድኑ መሐል ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፣ አፍንጫው ቢርገበገብ ወይም ከንፈሩ ቢጠቁር፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።