የጎረቤት ግድግዳና የ«እሺ» ዕድሜ



ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን አንዲት ክፍል መቀጠል ያምረዋል። ልጅ ሲያድግ፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ወይም የሚከራይ ነገር ሲፈለግ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። «ሦስቱን ጎን ብሠራ አራተኛው ተሠርቶ ቆሞልኛል» ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቤቱ ያለው መንዝ፣ ሞላሌ ነው። የመንዝን ደጋ የሚያውቅ አንባቢ ቤቱ በምን እንደሚሠራም ያውቃል፤ ለዚያ ብርድ ድንጋይ ነው መድኃኒቱ። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳው እስከ ግማሽ ሜትር ይወፍራል። በግቢያችን ዳር ያለውን ግድግዳ ከልጅነቴ ጀምሮ «የጋራ» ሲባል ነበር የምሰማው። ጎረቤታችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው ክርስቲያን እናት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ቡና ላይ ጉዳዩን ሳነሳባቸው «ምን ትጠይቀኛለህ ልጄ፣ የአባትህ አይደለም እንዴ!» አሉኝ። ነገሩ እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

አለማለቁን የነገረኝ ግንበኛው ነው። ከሁሉ በፊት ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ድንጋዮቹ የተቆላለፉት ከእማማ ቤት ጋር ብቻ ነው፤ የእኛ የአጥር ካብ ተደግፎ እንጂ ተሳስሮ አልቆመም። ወራጁም ያረፈው ከእርሳቸው ወገን ብቻ ነው። «ይሄ የጋራ አይደለም፣ የእርሳቸው ነው» ብሎ ቆረጠው። ይህ ሰው ኪታብ አልቀራም። ነገር ግን የማሊኪያ ዑለሞችም ግድግዳ የማን እንደሆነ ክርክር ሲነሳ የሚያዩት እነዚህኑ ምልክቶች ነው፦ የማዕዘኑን ቁልፍና የወራጁን ማረፊያ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቱኒስ ውስጥ የኖረው ኢብኑ ራሚ ራሱ ግንበኛ ነበር፤ ስለ ግንባታ ፍርድም ሙሉ ኪታብ ጽፏል።

እዚህ ላይ ነፍሴ አንድ ሐዲስ አስታወሰችኝ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳያሳርፍ እንዳይከለክለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያሳሰቡበት ሐዲስ ነው። አስተላላፊው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሰዎቹ ሲያቅማሙ ቢያይ በቁጣ ተናግሯቸዋል። ታዲያ ምን ቀረኝ? ሐዲሱን ይዤ መሠረት ልቆፍር?

ወንድሜ ሆይ፣ አትቸኩል! ኢማሙ አሕመድ ግዴታ ነው ብለዋል። አቡ ሐኒፋና ማሊክ፣ ሻፊዒይም በኋለኛው አቋማቸው፣ ቃሉን የመልካም ጉርብትና ምክር አድርገው ወስደውታል፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ አይገደድም። ግዴታ ነው ያሉትም ቢሆኑ ግድግዳው የማይጎዳ ከሆነ ነው ያሉት። ኢማሙ ማሊክ ይህን ሐዲስ በሙወጠእ ሲያሰፍሩ ከፊቱ ያስቀደሙት መጎዳዳትን የሚከለክለውን ሐዲስ ነው። ቀጥለው የሚያወሱት ዑመር (ረ.ዐ) የደሓክን ቦይ በሙሐመድ ኢብኑ መስለማ መሬት ላይ በግድ ያሳለፉበትን ታሪክ ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ ምክንያቱን ግን ይዘላል። ውሃው ባለመሬቱንም ያጠጣ ነበር፤ ጉዳትም አልነበረበትም። የእኔ ወራጅ ለእማማ ምን ያጠጣል? ምንም!

ደግሞስ የቡና ላይ «እሺ» ዕድሜው ስንት ነው? ነወዊ በሚንሃጅ እንዳሰፈሩት በነፃ የተሰጠ እንዲህ ያለ ፈቃድ እንደ ውሰት ይቆጠራል። ባለቤቱ ከግንባታው በኋላ እንኳ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ ያኔ ወይ ኪራይ ያስከፍላል፣ ወይ ጉዳቱን ክሶ ያስነሳል። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1723 በሰው ቤት ላይ ቋሚ የመገልገል መብት የሚሰጥ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ማዘጋጃ ቤት ፕላን ቢያጸድቅልህ የጎረቤትህን ግድግዳ ጨምሮ አልሰጠህም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ በላዩ የቆመው ግድግዳ ግን የባለቤቱ ነው። እማማ ነገ ቢያልፉ ወራሾቻቸው የእኔንና የእርሳቸውን ቡና አያውቁትም።

እናም ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ቡና አልጠጣንም። ከግንበኛው ጋር ወደ ውጭ ይዣቸው ወጣሁና ወራጁ የት እንደሚገባ፣ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ በጣቴ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «ዝናቡስ ወዴት ይወርዳል?» አሉኝ። ስለ ቆርቆሮው ዋጋ ሌት ተቀን ያሰብኩ ሰው ስለ ውሃው አንድ ቀን አላሰብኩም ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ልጃቸውም በስልክ ተጠየቀ። የጭቃ ግንብ ነው፣ ከሥሩ ሲቆፈር ይላላል አለ። ግንበኛውም አልተቃወመውም። በማግስቱ እማማ ዓይኔን ሳያዩ «ወራጁ ይቅርብኝ ልጄ» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና ከፍቶኝ ነበር። ሁለት ቀን በራቸውን ሳልረግጥ ዋልኩ። ግን የመጀመሪያውን «እሺ» ያሉት ምን እንደጠየቅኋቸው ሳያውቁ አልነበረምን? ያላወቁትን ነገር ፈቅደውልኛል ብዬ በአላህ ፊት ልቆም እችላለሁን?

አራተኛውን ግድግዳ ራሴ ሠራሁ፤ መሠረቱን ከእርሳቸው ግድግዳ አርቄ፣ ጣራውን ወደ ራሴ ግቢ አዘንብዬ፣ አሸንዳውንም በእኔ በኩል አድርጌ። በመካከል የቀረችውን ክፍተት ማን እንደሚጠርግ ሳይቀር ወረቀት ላይ ሰፈረ። ከእርሳቸው ወገን ሁለት፣ ከእኔ ወገን ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፤ እማማ በአውራ ጣታቸው። ጓዳዋ ካሰብኩት ከግማሽ ሜትር በላይ ጠበበች። አልጋው በቁመቷ እንጂ በወርዷ አልገባም።