እንቁላሉ በዛ፤ ማህፀኑስ?

ከመተማ ዮሐንስም ሆነ ከገንዳ ውሃ ልጅ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄዱ ባለትዳሮች አሉ። የመጀመሪያው የመንግሥት የአይ ቪ ኤፍ (እንቁላልን ከማህፀን ውጭ አዳቅሎ ፅንሱን ወደ ማህፀን የማስገባት ሕክምና) ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እዚያው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ዘመድ ደውሎ የሚጠይቀው «ስንት እንቁላል ወጣ?» ብሎ ነው። የማህፀኑን ነገር የሚያነሳ የለም።

አጭሯ ጊዜ

በተፈጥሮ በወር አንድ እንቁላል ይበስላል። የያዘው ከረጢት ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ የማህፀን የውስጥ ሽፋንም ይወፍራል። እንቁላሉ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይጨመርበታል፤ ሽፋኑን ፅንስ እንዲቀበል ያሰናዳዋል። ሽፋኑ ፅንስ የሚቀበለው እንቁላል ከወጣ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ብቻ ነው።

መርፌው ሲያስቀድም

በአይ ቪ ኤፍ ግን እንቁላል በሚያሳድግ መርፌ ብዙ ከረጢቶች አብረው ሲያድጉ ኤስትሮጅን ከወትሮው እጅግ ይልቃል። አንዳንዴ ፕሮጄስትሮንም እንቁላሉ ሳይወጣ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ሽፋኑ ቀድሞ ይደርስና ፅንሱ ሲመጣ ጊዜው አልፎ ይገኛል፤ ሳይታጨድ ቆይቶ ፍሬው እንደረገፈ ሰሊጥ ማለት ነው። ሐኪሙ «ፅንሱን እናቀዝቅዝና በሌላ ወር እናስገባ» የሚለው አንዱም ለዚህ ነው። ማቀዝቀዙ ብዙ እንቁላል ለሚወጣላት ሴት ደግሞ ሆድ ውስጥ ውሃ የሚያቋጥረውን የመድኃኒቱን ጉዳት ስጋት ይቀንስላታል። «ማህፀኗ እምቢ አለ» እየተባለ ሴቲቱ ስትወቀስ ስሰማ ያንገበግበኛል፤ ጊዜውን ያዛባው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና።

ክሎሚፊን

ከመርፌው ሌላ እንቁላል ለማሳደግ የሚሰጠው ይህ በአፍ የሚወሰድ ክኒን አንጎል ኤስትሮጅን እንዳይታየው ይጋርዳል። አንጎልም ኤስትሮጅን ያነሰ መስሎት እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን ይጨምራል። ይኸው መጋረድ ማህፀንም ላይ ስለሚሠራ ሽፋኑን ሊያሳሳው ይችላል። ክኒኑ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ለዚሁ የሚሰጠው ሌላው ክኒን ሌትሮዞል ግን በቀናት ስለሚወጣ ሽፋኑን እምብዛም አይጎዳም። ስለዚህ ያለ አልትራሳውንድ ክሎሚፊን ከወር ወር አትደጋግሙ። ሐኪሙን «ሽፋኑ ስንት ሚሊሜትር ደረሰ?» በሉት። ከ7 በታች ከሆነ ፅንሱ የመጣበቅ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ጨርሶ አይጠፋም።

የቆላው ሙቀት

ፅንሱ ከገባ በኋላ ሽፋኑን የሚደግፈው ብዙ ጊዜ በብልት የሚደረግ ፕሮጄስትሮን ነው። በሰውነት ሙቀት እንዲቀልጥ ተደርጎ የተሠራ ዓይነት አለ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ይቀልጣል። ቀዝቃዛ መያዣ ይዛችሁ ተጓዙ። እንቁላል የሚያሳድገውን መርፌ ግን በመያዣው በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ በረዶ ከሠራ ይበላሻል።